ማታ 12 ሰዓት በሆነ ቁጥር ዳታቤዙ ይቆማል፤ «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» ይላል

መጋዘን_ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:35

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ያለ የጅምላ ማከፋፈያ መጋዘን ነው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ 22.04፣ የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ማይኤስኪውኤል 8.0፣ ራም 16 ጊጋ፣ ኤስኤስዲ 480 ጊጋ። እዚሁ 14 ኮምፒውተር አለ፤ ደሴ ፒያሳ ካለው ሱቅ ደግሞ 5 ኮምፒውተር በቪፒኤን ይገባል። ዳታቤዙ ዲስክ ላይ 11 ጊጋ ያህል ይይዛል።

ቀኑን ሙሉ ደህና ይውልና ማታ 12 ሰዓት ሲል፣ ልክ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰዓት፣ ደረሰኝ መቁረጥ ይቆማል። መጀመሪያ ስክሪኑ ይንጠለጠላል፤ ጥቂት ቆይቶ ስሕተት 1040 «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» (ግንኙነት በዝቷል) ይመጣል። ሰርቪሱን ሪስታርት ሳደርገው ወዲያው ይነሣል። ካልነካሁት ደግሞ ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይለቃል።

እስካሁን የግንኙነት ጣሪያውን፣ «ማክስ_ኮኔክሽንስ»ን፣ 151 የነበረውን 500 አድርጌዋለሁ። ከኢንተርኔት ባገኘሁት ምክር «ሶርት_በፈር_ሳይዝ» እና «ጆይን_በፈር_ሳይዝ» የሚባሉትን ጊዜያዊ የሜሞሪ ቦታዎች እያንዳንዳቸውን 64 ሜጋ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ሊኑክሱ ራሱ ማይኤስኪውኤልን ሜሞሪ አለቀ ብሎ መግደል ጀመረ። ራም ልጨምር ወይስ ሰርቨር ይቀየር?

ሰኞ_ገበያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

16 ጊጋ ለ19 ኮምፒውተር ያንሳል። 32 አድርገው፣ ትገላገላለህ።

ጦሳ_አድሚን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ችግር የራም ችግር አይደለም። የሆነ ነገር በቀጠሮ እየመጣ ነው። 19 ኮምፒውተር 151 ግንኙነት ጨረሰ ማለት ደግሞ ግንኙነት አነሰ ማለት አይደለም፤ የገባው ሁሉ ሳይወጣ ቆሞ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። በሩን ወደ 500 ማስፋት ወረፋውን ከማርዘም በቀር ምንም አላደረገም።

የሜሞሪውንም ምክንያት አንተው ጽፈኸዋል። ሁለቱ በፈሮች ለመላው ሰርቨር አንድ ጊዜ የሚያዙ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ግንኙነት ሲያስፈልገው ለብቻው ነው የሚወስደው። 64 እና 64 ሲደመር 128 ሜጋ፣ በ500 ሲባዛ 64 ጊጋ። ሁሉም አንዴ ባይጠይቁም ሩቡ ከጠየቀ 16 ጊጋህ አለቀ። ሁለቱንም ወደ ነባሪው 256 ኪሎባይት መልስ፣ «ማክስ_ኮኔክሽንስ»ንም ወደ 151።

በተቃራኒው ትልቅ መሆን ያለበት ዳታው ሜሞሪ ላይ የሚያዝበት ቦታ፣ «ኢኖዲቢ_በፈር_ፑል_ሳይዝ» ነው። እሱ ለመላው ሰርቨር አንድ ነው፤ ካልነካኸው 128 ሜጋ ብቻ ነው። 11 ጊጋ ዳታ በ128 ሜጋ መስኮት እያየህ ነው ማለት ነው። በዚያ ማሽን ላይ አፕሊኬሽኑም ካለ 9፣ ዳታቤዙ ብቻ ከሆነ 11 ጊጋ ስጠው።

ይህ ግን የ12 ሰዓቱን ነገር አይፈታም። ነገ ሲቆም ሪስታርት አታድርግ፤ ሪስታርት ማስረጃውን ነው የሚያጠፋው። ሲንጠለጠል ወዲያው የእነዚህን ሁለት ትእዛዞች ውጤት አውጣና ለጥፍ፤ ማን ምን እየሠራ እንደሆነና ማን ማንን እንዳገደ ያሳያሉ፦

«ሾው ፉል ፕሮሰስሊስት»
«ሰሌክት * ፍሮም ሲስ.ስኪማ_ቴብል_ሎክ_ዌይትስ»

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ግንኙነቱ ሲሞላ ማይኤስኪውኤል ለአስተዳዳሪ አንዲት ትርፍ ቦታ ያስቀምጣል፤ 151 ሞልቶ 152ኛው የአንተ ነው። አፕሊኬሽናችሁ በ«ሩት» (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) የሚገባ ከሆነ ግን ያቺን ቦታ እሱ ይቀማሃል፤ አንተም ውጭ ትቀራለህ። ለአፕሊኬሽኑ ሌላ ተጠቃሚ ፍጠርለት፣ በዚያ ዳታቤዝ ላይ ብቻ መብት ስጠው።

መጋዘን_ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:48

እውነትም አፕሊኬሽኑ በ«ሩት» ነበር የሚገባው፤ ዛሬ ጠዋት ቀየርኩት። ዛሬም በሰዓቱ ቆመ። የወጣውን አሳጥሬ ልጻፈው።

ከመቶ በላይ መስመር «ኢንሰርት ኢንቱ ሽያጭ...» ወይም «አፕዴት ክምችት...» ሆኖ ሁኔታቸው «ዌይቲንግ ፎር ቴብል ሜታዳታ ሎክ» (የሠንጠረዡ ቁልፍ እስኪፈታ መጠበቅ) ይላል። አንዱ ብቻ የተለየ ነው፦ ተጠቃሚ «ባካፕ»፣ 1,130 ሰከንድ የቆየ፣ ሁኔታው «ሴንዲንግ ቱ ክላይንት»፣ ሥራው «ሰሌክት * ፍሮም ሽያጭ_ዝርዝር»። ሁለተኛው ትእዛዝም አጋጁ ብሎ የዚያኑ የ«ባካፕ»ን ቁጥር ያሳያል።

ጦሳ_አድሚን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:05

ተያዘ። ባካፕ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤልደምፕ ነው። ያለ ተጨማሪ አማራጭ ሲነሣ የዳታቤዙን ሠንጠረዦች በሙሉ ለንባብ ቆልፎ ነው የሚጀምረው፤ እስኪጨርስ ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም። ሪፖርት ቢከፈትም ደረሰኝ የማይቆረጠው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። የረድፍ ቁልፍ ሲሆን ጠባቂው በ50 ሰከንድ ተስፋ ቆርጦ ስሕተት 1205 ይሰጣል፤ የሚገዛው «ኢኖዲቢ_ሎክ_ዌይት_ታይምአውት» ነው። የሜታዳታ ቁልፍ ግን የሚታዘዘው ለሌላው፣ ለ«ሎክ_ዌይት_ታይምአውት» ነው፤ የእሱ ነባሪ ዋጋ 31,536,000 ሰከንድ ነው፣ አንድ ዓመት! ስለዚህ ማንም ስሕተት ሳያሳይ ዝም ብሎ ይሰለፋል፣ ተጠቃሚው እንደገና ይጫናል፣ አዲስ ግንኙነት ይከፈታል፣ ይሞላል። 60 አድርገው፤ ቢያንስ ችግሩ በግልጽ ይጮኻል።

«ሴንዲንግ ቱ ክላይንት» የሚለው ግን ሌላ ነገር ጠቆመኝ። ደምፑ የት ነው የሚጻፈው? ክሮንታቡን (የቀጠሮ ሥራዎቹን ዝርዝር) አሳየን።

መጋዘን_ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

መስመሩ «0 18 * * *» ነው። ከዚያ ማይኤስኪውኤልደምፕ፣ በፓይፕ ወደ ጂዚፕ (ማመቂያው)፣ በፓይፕ ወደ ኤስኤስኤች (በኔትወርክ መላኪያው)፣ ደሴ ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ላይ ያርፋል። የሠራው ቀደም ሲል ሲስተሙን የተከለው ሰው ነው። «ሌሊት 6 ሰዓት ባካፕ ይወስዳል» ብሎ ነው ያስረከበን።

ሐረጎ_ኔት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:27

አይ፣ የሰዓት ጉዳይ! ሌሊት 6 ሰዓትን 12 ደምሮበት 18 አደረገው። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 18 ማለት የእኛ ማታ 12 ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ከፈለግህ «0 0 * * *»፣ ሌሊት 8 ከሆነ «0 2 * * *» ነው። ከመቀየርህ በፊት «ታይምዴትሲቲኤል» ብለህ ዞኑ አፍሪካ/አዲስ_አበባ መሆኑን እይ። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን ዞኑን ካላስገባህለት በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ) ነው የሚቀረው፤ ያን ጊዜ «0 0» ያልከው የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነሣል።

የ40 ደቂቃውም ሚስጥር እዚሁ ነው። ደምፑ በቀጥታ በኔትወርክ ሲፈስ ፍጥነቱ የመስመሩ ፍጥነት ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ፍሰቱ እስኪያልቅ አይፈታም። የታመቀው ፋይል 3 ጊጋ፣ የመላኪያ ፍጥነታችሁ 10 ሜጋቢት ቢሆን በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት፣ 2,400 ሰከንድ፣ ልክ 40 ደቂቃ። መስመሩ በደከመ ቀን ፍላሽ ይዞ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣት ይሻላል።

ጦሳ_አድሚን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:52

ሰዓቱን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ አሠራሩም ይስተካከል። ሁለት ደረጃ አድርገው፦ መጀመሪያ እዚያው ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ፋይሉ በአርሲንክ (ፋይል መላኪያ ነው) ወደ ደሴ ይላክ። መስመር ቢቋረጥ አርሲንክ «--ፓርሻል» ከተሰጠው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ፓይፑ ግን ከተቆረጠ ከዜሮ ነው።

ለደምፑ የሚሰጡት አማራጮች፦

«--ሲንግል-ትራንዛክሽን» ሳይቆልፍ የአንድ ቅጽበት ምስል ይዞ ያወጣል። የሚሠራው ኢኖዲቢ ለሚባለው የሠንጠረዥ ዓይነት ብቻ ነው። አሮጌው ዓይነት፣ ማይአይሳም፣ የቀረ ካለ ወደ ኢኖዲቢ ቀይረው። ደምፑ እየሄደ ደግሞ «ኦልተር ቴብል» የሚያደርግ ሰው አይኑር፤ ምስሉ ይበላሻል ወይም ደምፑ በስሕተት ይቆማል።

«--ሩቲንስ» እና «--ኢቨንትስ» ካልጻፍካቸው የተከማቹ ፕሮሲጀሮችና ቀጠሮዎች አይወጡም። ትሪገር (ለውጥ ሲኖር በራሱ የሚነሣ ትእዛዝ) በነባሪው ይወጣል።

«--ኖ-ቴብልስፔስስ» የሚያስፈልገው የ«ባካፕ» ተጠቃሚ የ«ፕሮሰስ» መብት ከሌለው ነው፤ ከ8.0.21 ጀምሮ ያለዚያ ስሕተት ያሳያል።

ስክሪፕቱ አናት ላይ «ሴት -ኦ ፓይፕፌይል» ጻፍ። ያለዚያ ደምፑ መሐል ላይ ቢሞት እንኳ ጂዚፕ ያገኘውን አምቆ «ተሳክቷል» ይላል፤ ሼሉ የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ብቻ ነውና። ሲያልቅም የፋይሉን የመጨረሻ መስመር አንብብ። «ደምፕ ኮምፕሊትድ» የሚል ከሌለ ፋይሉ ጎዶሎ ነው። መጠኑን አይቶ መፎከር አይሠራም፤ 2.9 ጊጋም 3 ጊጋ ይመስላል።

መድኃኒት_ቤት_ሲስተም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

በዚሁ ልጠይቅ። ደሴ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 ኤክስፕረስ። ስሕተት 9002፣ የትራንዛክሽን ሎግ ሞልቷል ይላል። ዳታው 3 ጊጋ ሲሆን ሎጉ 70 ጊጋ ደርሷል። ሎጉ ያለበትን ኤልዲኤፍ ፋይል ላጥፋው?

ጦሳ_አድሚን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:41

እንዳታጠፋው! ዳታቤዙ ላይነሣ ይችላል። «ሲስ.ዳታቤዝስ» ውስጥ «ሎግ_ሪዩዝ_ዌይት_ዴስክ» የሚለውን ዓምድ አንብብ። «ሎግ_ባካፕ» ካለ ዳታቤዙ በ«ፉል» ሪከቨሪ (ሎጉ ባካፕ እስኪወሰድለት በሚከማችበት አሠራር) ነው፣ የሎግ ባካፕ ግን ተወስዶ አያውቅም። «ፉል» ላይ ሙሉ ባካፕ ብቻውን ሎጉን አያጸዳም። ሁለት መንገድ አለህ፦ የአንድ ቀን ሽያጭ ማጣት የማትችል ከሆነ በየ30 ደቂቃው የሎግ ባካፕ፤ የለም የማታው ባካፕ ይበቃኛል ካልክ ሪከቨሪውን «ሲምፕል» አድርገው። ከዚያ ሎጉን አንድ ጊዜ ሽሪንክ አድርገህ አሳንሰው፤ በየቀኑ ግን አይደለም፣ ያው መልሶ ያድጋል።

ኤክስፕረስ ኤጀንት የለውም፤ ቀጠሮውን በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር «ኤስኪውኤልሲኤምዲ» አስነሣው። እስከ 2022 ባለው እትም ኤክስፕረስ ለአንድ ዳታቤዝ የሚፈቅደው 10 ጊጋ ነው፤ የሚቆጠረው ዳታው ነው፣ ሎጉ አይቆጠርም። ስለዚህ ገና ሩቅ ነህ።

መጋዘን_ኮምቦልቻ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:10

ሁለት ቀን ሙሉ 12 ሰዓት ላይ ኮሽ አላለም። ደምፑ እዚሁ ዲስክ ላይ ሲጻፍ 6 ደቂቃ አይሞላም። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ሌላው ወጣ። የወር ሽያጭ ሪፖርት 4 ደቂቃ ይፈጃል። አልፎ አልፎም ደረሰኝ ሲቆረጥ 1205 እና 1213 ይመጣል። ጥያቄው ይህን ይመስላል፦

«ሰሌክት ደንበኛ፣ ሰም(ጠቅላላ) ፍሮም ሽያጭ ዌር ቅርንጫፍ=2 ኤንድ ይር(የሽያጭ_ጊዜ)=2025 ኤንድ ማንዝ(የሽያጭ_ጊዜ)=11 ግሩፕ ባይ ደንበኛ»

«የሽያጭ_ጊዜ» ላይ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) አለ።

ቦርከና_ዳታ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:34

ኢንዴክሱ አለ፣ ግን አትጠቀምበትም። «ኤክስፕሌይን» (ጥያቄው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ትእዛዝ) አስቀድመህ አሂደው፤ «ታይፕ» ሥር «ኦል»፣ «ኪ» ሥር ባዶ ታያለህ። ዓምዱን በ«ይር()» እና በ«ማንዝ()» ስትጠቀልለው ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ረድፍ አንሥቶ ማስላት አለበት። ኢንዴክሱ የተደረደረው በጊዜው ነው እንጂ ከጊዜው በወጣው የወር ቁጥር አይደለም። ዓምዱን ራቁቱን ተወውና ድንበሩን ስጠው፦

«ዌር ቅርንጫፍ=2 ኤንድ የሽያጭ_ጊዜ >= '2025-11-10' ኤንድ የሽያጭ_ጊዜ < '2025-12-10'»

ቀኑን ለምን ከ10 እስከ 10 አደረገችው ካልክ፣ ይህ ኅዳር 2018 ነው። ሒሳብ የሚዘጋው በኛ ወር ከሆነ «ማንዝ()=11» ቢፈጥንም መልሱ ስሕተት ነው፤ ኖቬምበርን ነው የሚሰጥህ። ድንበሩንም በቋሚ አትጻፈው። ኅዳር 1 በ2016 ዓ.ም. ኖቬምበር 11 ነበር፣ በ2018 ግን ኖቬምበር 10 ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግሥት አንድ ቀን ይገፋል። መነሻና መድረሻውን አፕሊኬሽኑ አስልቶ ይላከው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ግን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ይውላል።

መጨረሻው ላይ «<» እንጂ «<= '2025-12-09'» አትበል። ዓምዱ ሰዓት ስለሚይዝ '2025-12-09' ማለት የዚያ ቀን ዜሮ ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሽያጭ በሙሉ ይቀርብሃል።

ኢንዴክሱን ደግሞ ጥንድ አድርገው፦ (ቅርንጫፍ፣ የሽያጭ_ጊዜ)። በእኩልነት የሚጠየቀው ይቅደም፣ በክልል የሚጠየቀው ይከተል። ብትገለብጠው የሁለቱንም ቅርንጫፍ የወር ሽያጭ አንብቦ ነው ግማሹን የሚጥለው። አጨማመሩ «አልጎሪዝም=ኢንፕሌስ፣ ሎክ=ነን» ይሁን። ሥራ አያቆምም፣ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ለቅጽበት ያንኑ የሜታዳታ ቁልፍ ይፈልጋል። ረጅም ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸኑ ትእዛዞች) ክፍት ከሆነ እሱ ይጠብቃል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ደግሞ እሱን ይጠብቃል፤ የ12 ሰዓቱ ድራማ ይደገማል። ስለዚህ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ።

1205 አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ትራንዛክሽን ከፍቶ ሰው ከሚጠብቅ ስክሪን ነው። ገንዘብ ያዡ ዕቃውን መርጦ፣ ረድፉ ተቆልፎ፣ ቡና ሊጠጣ ይወጣል። «ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ኢኖዲቢ_ትረክስ» ውስጥ «ትረክስ_ስታርትድ» ከደቂቃ በላይ የቆየውን ፈልግ። መፍትሔው ኮዱ ውስጥ ነው፤ ትራንዛክሽን የሚጀመረው «አስቀምጥ» ሲጫን እንጂ ስክሪኑ ሲከፈት አይደለም። ተጠንቀቅ፣ 1205 ሲመጣ በነባሪው የሚሰረዘው ያ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፣ ትራንዛክሽኑ ክፍት ይቆያል። አፕሊኬሽኑ ስሕተቱን ችላ ብሎ «ኮሚት» ካደረገ (ካጸናው) ደረሰኙ ተጽፎ ክምችቱ ያልተቀነሰበት ግማሽ ሒሳብ ይቀመጣል።

1213 ሌላ ነው፤ ዴድሎክ። አንዱ ስኳር ከዚያ ዘይት፣ ሌላው ዘይት ከዚያ ስኳር ሲቀንስ ይጠላለፋሉ። ማይኤስኪውኤል አንዱን መርጦ ሙሉ ትራንዛክሽኑን ይሰርዛል። ክምችት ከመቀነስህ በፊት የደረሰኙን ዕቃዎች በመለያ ቁጥራቸው ደርድር፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሄደ አይጠላለፍም። ለቀረው ጥቂት ኮዱ ሦስት ጊዜ ያህል እንደገና ይሞክር።

ሰኞ_ገበያ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:02

ፍጥነት ከፈለግህ «ኢኖዲቢ_ፍለሽ_ሎግ_አት_ትረክስ_ኮሚት» 2 አድርገው፤ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ሐረጎ_ኔት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:15

የጻፍከው ልክ ነው፣ ይፈጥናል። ነገር ግን 2 ሲሆን እያንዳንዱ ኮሚት ወደ ሲስተሙ ሜሞሪ ይሄዳል እንጂ ዲስክ ላይ የሚታተመው በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። መብራት ሲሄድ የመጨረሻዋ ሰከንድ ደረሰኝ ትጠፋለች፤ ወረቀቱ ግን ታትሞ ደንበኛው ይዞት ወጥቷል። ለሪፖርት ማሽን ይሁን፣ ገንዘብ ለሚቆረጥበት 1 ላይ ይቆይ።

የመብራት ነገር ከተነሣ፦ ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ ባትሪው ዝቅ ሲል ራሱ እንዲያጠፋው ካልተደረገ ጥቅሙ ግማሽ ነው። «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ» የሚባለው ለዚህ ይበቃል። ድንገት ከጠፋ በኋላ ማይኤስኪውኤል ሲነሣ የሪዱ ሎጉን (የለውጦቹን መዝገብ) አንብቦ ራሱ ያስተካክላል፤ ደቂቃዎች ቢወስድ አትቸኩል፣ አትግደለው። የሪዱ ፋይሎችን አጥፍቶ ማስነሣት የሚል ምክር ካየህ እለፈው። አልነሣ ካለ መጀመሪያ የዳታ ማኅደሩን በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ቅዳ፣ ከዚያ «ኢኖዲቢ_ፎርስ_ሪከቨሪ» ከ1 ጀምረህ አንድ አንድ እያልክ ጨምር። በተነሣበት ደረጃ ላይ ደምፕ አውጣና ንጹሕ ላይ መልስ። ከ4 ጀምሮ ዳታውን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል፤ ቅጂ ሳትይዝ አትግባበት።

ሌላው የተረሳው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፣ ያቺ ሲአር2032። ከሞተች መብራት ተቋርጦ ሲመጣ ማሽኑ ቀኑን ረስቶ ወደ ኋላ ዓመታት ሊሄድ ይችላል። ኢንተርኔት እስኪመጣና ሰዓቱ እስኪታረም የሚቆረጠው ደረሰኝ ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይዞ ይገባል። ማይኤስኪውኤል ሰዓት ሳይስተካከል እንዳይነሣ ማሰር ይቻላል፤ ኢንተርኔት በሌለ ቀን ግን ሱቁም አይከፈትም። ባትሪውን መቀየር ይቀላል። የድሮ ባካፕንም በዕድሜ ሳይሆን በቁጥር አጥፋ፣ ለምሳሌ የመጨረሻዎቹ 14 ይቅሩ በል። ሰዓት የሳተ ማሽን ዕድሜ አይቆጥርም።

መጋዘን_ኮምቦልቻ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:20

ሪፖርቱ ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ሰከንድ ወረደ! ያው አንድ ነገር ሲስተካከል ሌላው ይታያል፦ ደንበኛ በስልክ ቁጥር መፈለግም ይዘገያል፣ ዓምዱ ቫርቻር (የጽሑፍ) ነው፣ ኢንዴክስ አለው። በስም ሲፈለግ ደግሞ «ኃይሉ» ብለው የመዘገቡትን «ሀይሉ» ብሎ የጻፈ አያገኘውም። የድሮ ደንበኞች ስም ጭራሽ አንዳንዱ «????»፣ አንዳንዱ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኗል።

ቦርከና_ዳታ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5:05

ስልኩ፦ ኮዱ ቁጥሩን ያለ ጥቅስ እየላከ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ። የጽሑፍ ዓምድ ከቁጥር ጋር ሲነጻጸር ሁለቱም ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፤ «09...» የሚለው መነሻ ዜሮውን ጥሎ ስለሚታይ መልሱ ትክክል ይመጣል፣ ኢንዴክሱ ግን አይሠራም። መልሱ ትክክል መሆኑ ነው ችግሩን የሚደብቀው። በጥቅስ ውስጥ ላከው። ዓምዱን «ኢንት» አደርጋለሁ እንዳትል፣ ያን ጊዜ ዜሮው በእውነት ይጠፋል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም እንዲሁ ጽሑፍ ነው፤ አይደመር፣ አይቀነስ። «+251» እና «09» የተቀላቀለ ከሆነ ሲመዘገብ ወደ አንዱ አምጣው።

ስሙ፦ ይህን ኮሌሽን (የዳታቤዙ የፊደል ማነጻጸሪያ ደንብ) አይፈታልህም። ለዩኒኮድ ሀ፣ ሐ፣ ኀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ስም_ፍለጋ» የሚል ሁለተኛ ዓምድ ጨምር፣ ኢንዴክስ አድርገው። ስም ሲቀመጥም ሲፈለግም አንድ ዓይነት ማስተካከያ ይለፍ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እያንዳንዱ በሰባቱም ቤት። አምስት ቤተሰብ በሰባት፣ 35 ልውውጥ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። መጨረሻ ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኃ መጀመሪያ ሃ ሆኖ ነው ቀጥሎ ሀ የሚሆነው፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ «ኃይሉ» መንገድ ላይ ይቀራል። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ግን ደንበኛው ራሱ የጻፈው ስም ይሁን፤ በፀ የሚጽፈውን ሰው በጸ አትጥራው። ፍለጋውንም «ላይክ 'ሀይሉ%'» አድርገው፤ «%» ፊት ከመጣ ኢንዴክሱ አይነካም።

የጥያቄ ምልክቱ፦ የተቀመጡትን ባይቶች በ«ሄክስ(ስም)» እይ። ሦስት ነገር ልታይ ትችላለህ። ጤነኛ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ በ«ኢ1» ይጀምራል፤ ሀ ራሷ «ኢ18880» ናት። «3ኤፍ» እየተደጋገመ ካየህ እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ነው የተቀመጠው። ግዕዝ በማይይዘው በላቲን1 ዓምድ ላይ ሲጻፍ ነው የጠፋው፣ ከድሮ ባካፕ ወይም ከወረቀት እንጂ ከዚያ አይመለስም። «ሲ3ኤ1» ብሎ ከጀመረ ግን ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል እንጂ አልጠፋም፤ ስክሪን ላይ የጥያቄ ምልክት ሳይሆን ምልክት የተጫነበት የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህኛው ይድናል፦

«ኮንቨርት(ካስት(ኮንቨርት(ስም ዩዚንግ ላቲን1) አዝ ባይነሪ) ዩዚንግ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4)»

መጀመሪያ በ«ሰሌክት» አይተህ፣ ከዚያ «ሲ3ኤ1» በሚጀምሩት ረድፎች ላይ ብቻ «አፕዴት» አድርግ። ጤነኛው ላይ ብታሂደው እሱን ነው ወደ ጥያቄ ምልክት የምትቀይረው። ሠንጠረዡም ግንኙነቱም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁን፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ ይመለሳል።

መድኃኒት_ቤት_ሲስተም | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:30

ሎጉ 70 ጊጋ የነበረው 400 ሜጋ ሆነ፣ እናመሰግናለን። ቦርከና፣ እግረ መንገዴን፦ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በኛ አቆጣጠር «ዴት» ዓምድ ላይ እያስገባን ነው። አንዳንዱን አልቀበልም ይላል።

ቦርከና_ዳታ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:44

የማይቀበለው ጥቅምት 30ን እና ጳጉሜን ነው፣ አይደል? ለ«ዴት» ወር 2 ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 የለውም፤ 29ም ቢሆን በአራት ዓመት አንዴ ነው። 13ኛ ወርም አያውቅም። የተቀበለውም ልክ አይደለም፤ «ስንት ቀን ቀረው» እና «ጊዜው አልፏል» የሚሉት ስሌቶች ከዛሬ ጋር ሲነጻጸሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታሉ። ለመድኃኒት ይህ የሚያስቅ አይደለም። በፈረንጅ ቀን አስቀምጡ፣ ስክሪን ላይ በኛ አሳዩ።

መጋዘን_ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12:30

የስሙም የስልኩም ተስተካክሏል። ከተበላሹት 212 ስሞች ውስጥ 180ው «ሲ3ኤ1» ነበሩ፣ ድነዋል፤ 32ቱን ከወረቀት እንጽፋለን።

ዛሬ ደሴ ባለው ኮምፒውተር ላይ ባካፑን መለስ አድርጌ ሞከርኩት። ሠንጠረዦቹ ገቡ፣ የቀን ሒሳብ ስክሪን ሲከፈት ግን ስሕተት 1449 ይላል።

ጦሳ_አድሚን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12:41

ቪው (የተቀመጠ ጥያቄ) ወይም ፕሮሲጀር ሲፈጠር የፈጣሪው ተጠቃሚ ስም ከነአድራሻው «ዴፋይነር» ተብሎ ይቀመጣል። ደምፑ ዳታቤዙን ይዞ ይመጣል፣ ተጠቃሚዎቹን ግን አያመጣም። ደሴ ላይ ያንኑ ተጠቃሚ በዚያው ስምና በዚያው አድራሻ ፍጠር፤ «@ሎካልሆስት» እና «@%» ለማይኤስኪውኤል ሁለት ሰዎች ናቸው። የተጠቃሚዎቹንና የመብቶቹን ዝርዝር ለብቻው በ«ሾው ክሪኤት ዩዘር» እና በ«ሾው ግራንትስ» አውጥተህ ከባካፑ ጎን አስቀምጠው፤ ሲመለስ እሱ ይቅደም።

መጋዘን_ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

«@ሎካልሆስት» ነበር የጎደለው። ተከፈተ። ባካፑ እስከተወሰደበት ሰዓት ያለው የሽያጭ ጠቅላላ በሁለቱም ማሽን ላይ እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው።